አጥሚቱ ገባ፣ እናትየዋ በር ላይ ቀሩ



ውድ የገጻችን ቤተሰቦች፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። ባለትዳር የሆናችሁ ደግሞ ባል አብሮ ያንብበው፤ ወደ መጨረሻው አካባቢ እሱን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። አንዲት እህታችን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከመግሪብ በኋላ ምጥ ያዛት። እናቷ ከአየር ጤና ላዳ ተኮናትረው፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው፣ በዚያ ዝናብ ወደ አንድ የጤና ተቋም አደረሷት። የተቋሙን ስም አንጠራም፤ የአንድ ቤት ችግር ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አንጽፍም ነበር። ጥበቃው «እማማ፣ እርስዎ እዚህ ይጠብቁ» አላቸው። ጠበቁ። እስከ ሱብሒ ድረስ ያ በር ለእሳቸው የተከፈተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ መድኃኒትና ጓንት ከውጭ ገዝተው እንዲያመጡ፣ አንዴ ደግሞ ፔርሙዙን ለመቀበል። አጥሚቱ ገባ፤ እሳቸው ቀሩ።

ልጅቷ አልሐምዱሊላህ በሰላም ወለደች። ሕፃኑም ደህና ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ያ ሌሊት «የተሳካ» ነው፣ ሪፖርት ውስጥም የሚገባው እንደዚያው ነው። እሷ ግን አራስ ጥየቃ ለሄዱት እህቶች የነገረቻቸው ሌላ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ስሜን የጠራኝ ሰው የለም። ግድግዳ እያየሁ የምሞት መሰለኝ» ነው ያለችው። ይህን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሰማችው ታናሽ እህቷ ያን ጊዜ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። «እኔ ቤቴ ነው የምወልደው» ብላ ካርድ ማውጣት እምቢ አለች። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን የእሷ እምቢታ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት መውለድ የቀረ ነገር ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በከተማችን ከሚወለዱት ከመቶ 97ቱ የተወለዱት በጤና ተቋም ነው። በሀገር ደረጃ በዚያው ጥናት ከመቶ 26 የነበረው በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል። የእናቶች ሞትም ቀንሷል። በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ይህን ያመጡትን አዋላጆች፣ ሐኪሞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ውለታቸውን የሚክድ የለም። የጨቅላ ሕፃናት ሞት ግን ወላዶች ወደ ተቋም በጎረፉበት ልክ አልወረደም። በእነዚሁ ጥናቶች ከ1,000 ውስጥ 30 አካባቢ ላይ ተቸክሎ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ለኮልፌ ሰው «ጤና ተቋም ሂዱ» የሚለው ምክር ያረጀ ምክር ነው። ሄደናል። ከቤቴል እስከ ሎሚ ሜዳ፣ ከአጠና ተራ እስከ ዘነበወርቅ ሄደናል። አሁን የምንጠይቀው ከሄድን በኋላ በሩ ውስጥ ምን ይደረግልናል የሚለውን ነው።

አንዲት ሴት ምጥ ላይ ሳለች ከጎኗ የመረጠችው ሰው መኖሩ የስሜት ጉዳይ፣ የቅንጦት ጉዳይ ይመስላል አይደል? አይደለም። በዚህ ጉዳይ ያለው ማስረጃ ብዙ መድኃኒቶች ካላቸው ማስረጃ የበረታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በጓቲማላ ሆስፒታል ውስጥ የተሠራ አንድ አነስተኛ ጥናት ነበር። ወላዶቹን ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኞቹ እንደተለመደው ብቻቸውን አማጡ። ሁለተኞቹ ጋ ምንም የሕክምና ትምህርት የሌላት፣ ከዚያ በፊት የማያውቋት ሴት ተቀመጠች። እጅ ትይዛለች፣ ጀርባ ታሻለች፣ ታናግራለች። በቃ ይኸው ነው። ሴትዮዋ የተቀመጠችላቸው ወላዶች ከገቡበት እስከ ወለዱበት የወሰደባቸው ጊዜ ብቻቸውን ከነበሩት ከግማሽ ያነሰ ሆነ።

አንድ አነስተኛ ጥናት ምንም አያረጋግጥም የሚል ይኖራል፣ ትክክልም ነው። ስለዚህ በኋላ በየሀገሩ የተሠሩት ተሰብስበው በአንድ ላይ ተመዘኑ። ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን የሚያበጥር ዓለም አቀፍ ተቋም በ2017 ባወጣው ግምገማ ከ17 ሀገሮች የተገኙ፣ ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶችን አይቷል። ውጤቱ፣ ከጎናቸው ሰው የነበራቸው ወላዶች በኦፕራሲዮን የመውለዳቸው ዕድል በሩብ ያህል ቀነሰ። ምጣቸው አጠረ። ሲወለዱ ተዳክመው የተገኙ ሕፃናት ቁጥር አነሰ። ስለ ወሊዳቸው በክፉ የሚያስታውሱት እናቶችም ቀነሱ። ጉዳት ተፈልጎ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ይዞ በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ ለእያንዳንዷ ወላድ የመረጠችው አጋዥ ከጎኗ እንዲሆን መክሯል።

ይህ መርፌ ቢሆን ኖሮ ስንት ይሸጥ ነበር? ኦፕራሲዮንን በሩብ የሚቀንስ፣ ምጥ የሚያሳጥር፣ ጉዳት የሌለው መርፌ! ከውጭ ለማስገባት የውጭ ምንዛሪ እንጠይቅ ነበር። መድኃኒቱ ግን እዚያው በር ላይ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ዝናብ እየመታቸው ቆመዋል። ሂሳብም አይጠይቁም።

«ቦታ የለም» ይሉናል። እናውቃለን፣ ሦስት አልጋ ተደርድሮ መጋረጃ የሌለበት ክፍል አለ። ታዲያ መፍትሔው መጋረጃ ነው እንጂ እናትን ማስወጣት ነው? የመጋረጃ ጨርቅ ዋጋ መርካቶ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል፤ እኛም ማዋጣት አያቅተንም። «ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይረብሻል» ይሉናል። እሱም እውነት አለው፣ የእኛ ሰው አንድ ሲታመም ሰፈሩን ይዞ ነው የሚመጣው። ነገር ግን የተጠየቀው አንድ ሰው ነው፣ ወላዷ ራሷ የመረጠቻት አንዲት ሴት። «ኢንፌክሽን ያመጣሉ» ይሉናል። እጇን የታጠበች፣ ጋውን የለበሰች እናት በሽታ ካመጣች፣ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው የሚዘዋወረው ተማሪ ሁሉ ምን ሊባል ነው? ከ15,000 በላይ ሴቶች ላይ ሲታይ ያልተገኘ ጉዳት እኛ ሰፈር ብቻ ከየት ይመጣል?

እውነተኛውን ምክንያት እኛ እንናገረው። ምስክር አይፈለግም።

ለዚህም መረጃ አለ። በ2015 የታተመ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያዎች የወለዱ 173 እናቶችን የጠየቀ ጥናት ነበር። ከመቶ 78ቱ ቢያንስ አንድ ዓይነት ክብር የነካ አያያዝ ደርሶባቸዋል። ሆስፒታል ከወለዱት ውስጥ ከመቶ 63 በላይ የሆኑት ምጥ ላይ ሳሉ ያለ ተመልካች ተትተዋል። ያሳዘነን ግን ሌላው ቁጥር ነው። በደል ከደረሰባቸው ውስጥ «አዎ፣ ተበድያለሁ» ብለው ያሰቡት ከመቶ 16 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ወሊድ ማለት እንዲህ ነው ብለው ተቀብለውታል። እናቶቻችን የለመዱት ይህን ነው፤ ልጆቻችንም እየለመዱት ነው።

አዋላጇን ብቻዋን ጥፋተኛ አድርገን አናልፍም። አንዲት አዋላጅ ነርስ ሌሊት ላይ አራት አምስት ወላድ ይዛ፣ ጓንት አልቆባት፣ ሻይ ሳትጠጣ ነው የምታነጋው። እንዲያውም አጋዥ ቢገባ በመጀመሪያ የሚቀልላት ለእሷ ነው። ውኃ የሚያቀርብ፣ ሽንት ቤት የሚወስድ፣ «ነይ፣ ደም እየፈሰሳት ነው» ብሎ የሚጠራት ሰው ታገኛለች። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅዱ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ትልቅ አጀንዳ አድርጎ ይዞት ነበር። በየጤና ጣቢያውም ለወላድ ገንፎ ይገንፋ፣ ቡና ይፈላ ተብሎ ተሠርቷል። መልካም ነው። ገንፎ ካስገባችሁ ግን የገነፋችውንም አስገቡ።

በዚሁ በ2018ቱ መመሪያ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ነገሮችን እያንዳንዷ እህት ማወቅ አለባት። አንደኛ፣ ልጁ እንዲወጣ ተብሎ የእናትን ሆድ ከላይ በእጅ ወይም በክርን መጫን አይመከርም። ሁለተኛ፣ ሁሉንም ወላድ እንደ ልማድ መቅደድና መስፋት አይመከርም። ሲያስፈልግ ይደረጋል፣ ለምን እንደሆነም ተነግሯት፣ ማደንዘዣም ተሰጥቷት። በጀርባሽ ካልተኛሽ ብሎ መጮህም ማስረጃ የሌለው ልማድ ነው፤ ሴት በተመቻት አኳኋን ልትወልድ ትችላለች። ሐኪም ስለሆነ ብቻ የሚያደርገው ሁሉ የተፈተነ አይደለም። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ውርጃ ይከላከላል ተብሎ ዲ.ኢ.ኤስ. የሚባል ሆርሞን ለነፍሰ ጡሮች ይታዘዝ ነበር። በ1953 በቺካጎ ተፈትኖ ምንም እንደማይጠቅም ታወቀ። መታዘዙ ግን አልቆመም። በ1971 መድኃኒቱን የወሰዱት እናቶች ልጆች በወጣትነታቸው ብርቅ በሆነ የማህፀን በር አካባቢ ካንሰር ሲያዙ ነው ዓለም የነቃው። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማስረጃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ይህን ስላልን «እንግዲያ ቤት መውለድ ይሻላል» የሚል ካለ ተሳስቷል። ታናሿ እህታችንን ያልናትም ይህንኑ ነው። ከወሊድ በኋላ ደም ከፈሰሰ እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች፤ ከሎሚ ሜዳ ታክሲ እስኪገኝ ማለት ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት ከ20,000 በላይ ሴቶች ላይ ተፈትኖ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በደም መፍሰስ የሚመጣውን ሞት በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ በ2017 ታውቋል። በ2023 ደግሞ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛንያና በደቡብ አፍሪካ በ80 ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት ወጣ። ከወላዷ ሥር የሚዘረጋ፣ የፈሰሰውን ደም የሚለካ የፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅመው፣ ሕክምናውን ሁሉ አንድ ላይ ወዲያው ሰጡ። ከባድ የደም መፍሰስ ከመቶ 60 ቀነሰ። የእርግዝና ደም ግፊት ላለባት ማግኒዥየም ሰልፌት መስጠት የማንቀጥቀጡን አደጋ በግማሽ እንደሚያወርድ ከ2002 ጀምሮ የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ የለም። በእኛ ፍራሽ ላይ፣ በጎረቤት ሴቶች እጅ ይህን ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ከተቋሙ የምንሸሽበት መንገድ የለንም፤ ያለን መንገድ ተቋሙን ማስተካከል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ሌላውን ወቅሰን ራሳችንን ካለፍን ፍትሕ አይሆንም።

ወንድ ሐኪም ነው ተብሎ ደም የሚፈሳትን ሴት በር ላይ የሚያስጠብቅ ባል እኛ ውስጥ አለ። ሴት ባለሙያ መጠየቅ መብት ነው፣ መሸፈንም መብት ነው፣ ጤና ተቋሙም ሊያከብረው ይገባል። ሴት በሌለችበት፣ ነፍስ በምትጠፋበት ሰዓት ግን ወንድ ሐኪም እንዲያክም ዑለሞቻችን መፍቀዳቸው የታወቀ ነው። የእናቶችን ሞት ያጠኑ ሰዎች ሦስት መዘግየቶች ይላሉ፤ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ደርሶ ለመታከም መዘግየት። ሦስተኛው የእነሱ ከሆነ የመጀመሪያው የእኛ ነው። ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን መጭለም፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ደም ማየት፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ እነዚህ «ነገ ይነጋል» የሚባሉ አይደሉም።

የደም ማነስ ኪኒኑንም «ልጁን ያገዝፈዋል» ብላችሁ ትራስ ሥር የምትሸጉጡ እህቶች አላችሁ፤ እናውቃችኋለን። አያገዝፈውም። ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት ቢጀመር ነው የሚመከረው፣ በጠቅላላው ስምንት ጊዜ። እኛ ግን ሆዳችን ጎልቶ ጎረቤት ሳያይ አንሄድም። ስንሄድም አልትራሳውንዱን የምንፈልገው ወንድ ነው ሴት ለማለት ነው።

የረመዳንን ነገር በአጭሩ። በየዓመቱ ሁለት ዓይነት የድምፅ መልእክት ይዘዋወራል፤ አንዱ «ጾም ጽንሱን ይገድላል»፣ ሌላው «ምንም አይሆንም፣ ጹሚ»። ማስረጃው ሁለቱንም አይደግፍም። በ2018 ከ31,000 በላይ እርግዝናዎችን ያካተተ ግምገማ በሕፃኑ ክብደትም ሆነ ጊዜው ሳይደርስ በመወለድ ላይ የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ ስለ ጽንስ ሞት ግን ለመፍረድ በቂ መረጃ የለም ብሏል። በሌላ በኩል ከሚሺጋን፣ ከኡጋንዳና ከኢራቅ በተሰበሰበ መረጃ ላይ የተሠራ የ2011 ጥናት በሚሺጋን አነስ ካለ የልደት ክብደት ጋር፣ በኡጋንዳና በኢራቅ ደግሞ ከፍ ባለ ዕድሜ ከሚታይ የአካል ጉዳት ጋር ግንኙነት አይቷል። ለራሷ ወይም ለጽንሷ የሰጋች ነፍሰ ጡር እንድታፈጥር ሩኽሳ እንዳላት ግን ዑለሞች አይለያዩም፤ የሚለያዩት ቀዷ ነው ወይስ ፊድያ በሚለው ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ደም መፍሰስ ያለባት እህት «ሰዎች ምን ይሉኛል» ብላ የምትጾመው ጾም ለማን እንደሆነ ራሷ ትጠይቅ።

አሁን ባልን የሚመለከተው ጋ ደረስን።

ተጋብተው ዓመት ያለፋቸው፣ ልጅ ያልመጣላቸው ቤቶች በየመንደሩ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳወጣው ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወት ዘመኑ መካንነት ይገጥመዋል። ያለ መከላከያ 12 ወር ሞክረው ካልሆነ መመርመር ይገባል፣ ሁለቱም። ምክንያቱም ከወንዱ የሚመጣ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ ከጉዳዮቹ ግማሽ ያህሉ ላይ አለበት። በሰፈራችን ግን የሚሆነው ምንድን ነው? እሷ ሦስት ክሊኒክ ትዞራለች፣ ማህፀኗ በራጅ ይታያል፣ ሆርሞን ትወጋለች፣ የባሏ እናት በየዒዱ ሆዷን ያያሉ። እሱስ? እሱ አንድ ጊዜ የዘር ፈሳሽ ሰጥቶ በማይክሮስኮፕ አላስመረመረም። ከምርመራዎቹ ሁሉ ቀላሉ፣ የማያመው፣ ርካሹ ያ ነው። «እኔ ደህና ነኝ» ይላል። በምን አወቅህ? ሁለተኛ ሚስት አግብቶ እዚያም ልጅ ሲጠፋ «ሁለቱም መካኖች ናቸው» ያለ ሰው እናውቃለን። ወንድሜ፣ ሁለቱንም ቤት የሚያገናኘው አንተ ነህ።

ከዚያ ገበያው ይመጣል። በቴሌግራም ማርና ጥቁር አዝሙድ ለውሶ «በ40 ቀን ትፀንሻለሽ» እያለ በሺህ የሚቆጠር ብር የሚሰበስበውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዱዓእ አድርጉ፣ ማሩንም ብሉት፣ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን «የሐኪሙን ተዪው» የሚላት ሰው እየሰረቃት ያለው ብር ብቻ አይደለም፣ ዕድሜዋንም ነው። በአይ.ቪ.ኤፍ የመፀነስ ዕድል ከ35 ዓመት በኋላ ይወርዳል፣ 40ን ካለፈ ደግሞ ያሽቆለቁላል። በማር የጠፉ ሦስት ዓመታት አይመለሱም። ሱፍ የለበሱት ነጋዴዎችም አይሻሉም። ውጭ ሀገር ሄደው የሚታከሙ ጥንዶች በየደረጃው «ተጨማሪ» አገልግሎት ይሸጥላቸዋል። አንዱ ማህፀንን ቀድሞ መጫር ነው፤ በ2019 ከ1,300 በላይ ሴቶች ላይ ተፈትኖ ልጅ የመውለድ ዕድላቸውን አልጨመረም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «ይህ ተፈትኗል ወይ? በስንት ሴት ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ሐራም አይደለም ወይ?» ብለው የተቀመጡም አሉ። የመጀመሪያዋ የአይ.ቪ.ኤፍ ልጅ እንግሊዝ ውስጥ በ1978 ተወለደች፤ በ1980 አል-አዝሀር ፈትዋ ሰጠ። በ1986 ዓለም አቀፉ የፊቅህ ምክር ቤት አማን ላይ ተሰብስቦ ሰባት መንገዶችን አይቶ አምስቱን ከለከለ፣ ሁለቱን ፈቀደ። የተፈቀዱት የባልና የሚስት ብቻ የሆኑ፣ ሦስተኛ ሰው በዘርም በማህፀንም የማይገባባቸው ናቸው። ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ጥርጣሬ ካለ ዓሊም ይጠየቅ። ጉዳዩ ግን ከ40 ዓመት በፊት የተነገረበት ነው፤ ዛሬ እንደ አዲስ የምንፈራው አይደለም። ሕክምናውም ሩቅ አይደለም። ጎረቤታችን ጉለሌ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በመንግሥት ደረጃ የመጀመሪያውን የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ወረፋው ያስመርራል፣ መድኃኒቱም ኪስ ይጎዳል። ሆኖም ቤት ሸጦ ባንኮክና ዴልሂ ከመሄድ በፊት እዚያ መጠየቅ ይቻላል።

ታናሿ እህታችን አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ባለፈው ሳምንት ሄዳ ካርድ አወጣች። ደሟ ተለካ፣ ኪኒኗን ተቀበለች። ስትወጣ አዋላጇን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፦ «ስወልድ እናቴ ትገባለች?» «እናያለን» አለቻት።

በኮልፌ ቀራንዮ የምትኖሩ ነፍሰ ጡር እህቶች፣ በሚቀጥለው የክትትል ቀናችሁ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቁ። ካርዳችሁ ላይ አብራችሁ የምትገባውን ሴት ስም አጽፉ። ምን ብለው እንደመለሱላችሁ የተቋሙን ወረዳና ቀኑን ብቻ በውስጥ መስመር ላኩልን፤ የእናንተንም የባለሙያዋንም ስም አንፈልግም። ሰብስበን ከመጋረጃ መዋጮው ጋር ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት እናቀርባለን፣ ኢንሻአላህ።